የታምራት ድርሻ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ዛሬም ዋይፋይ የምንሸጥበትን ሱቅ እኔ ከፈትኩ። የክፍሌ ልጅ ኤርሚያስ፣ "ይሄ ዋይፋይ ከሌሞ ገጠር በጋሪ ነው እንዴ የሚመጣው?" ብሎ ደንበኞቹን ሁሉ አሳቀብኝ። እውነቱን ነው፣ መስመሩ ቀርፋፋ ነው።

ወንድሜ ታምራት ከመሞቱ በፊት መስመሩን ለደንበኞች፣ ለሱቁ ኮምፒውተርና ለራሱ ስልክ ከፋፍሎት ነበር። የእሱን ድርሻ አጥፍቼ ለደንበኞች ልጨምር አሰብኩ። መጀመሪያ ግን በየድርሻው ምን ያህል ዳታ እንዳለፈ የሚያነበውን፣ እሱ ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈውን ፕሮግራም አስነሳሁ። የእሱ ድርሻ ቁጥር አልተንቀሳቀሰም። እየተጠቀሙ ያሉት የደንበኞቹም አልተንቀሳቀሰም። ለካ ፕሮግራሙ መጀመሪያ የያዘውን ቁጥር ነው ደጋግሞ የሚያሳየኝ። በየጊዜው ከሲስተሙ አዲስ ቁጥር እንዲጠይቅ አስተካከልኩት። ያኔ የታምራት ድርሻ ቁጥር ሲጨምር አየሁ።

ከሞተ ወዲህ ስልኩ ተዘግቶ የተቀመጠ ነበር የመሰለኝ። ጓዳ ስገባ እማዬ ይዛዋለች። ታምራት ከመዘምራን ጋር የሚዘምርበትን ቪዲዮ ታያለች።

"ኔቱን ጨረስኩባችሁ እንዴ?" አለችኝ።

"አይ እማዬ፣ የራሱ ድርሻ አለው።"

ድርሻውን አላጠፋሁም። ሰኞ ትምህርት ቤት ኤርሚያስ በመስመሩ መቅርፈፍ ቢቀልድብኝ ግን ምን እንደምለው አላውቅም።