ለሁሩታ የተዋሰው አጥቂ

ይድረስ ለእትዬ ዘመናይ፤ እንደምን ከርመዋል? እኛ ከናዝሬት ሙቀት በቀር ደህና ነን።

እሁድ የማሠለጥነው የቀበሌያችን ቡድን ከእናንተ ከሁሩታ ልጆች ጋር ኳስ ገጥሞ ነበር። በእረፍት ሰዓት ሰባት ለባዶ ስንመራ አሳዘኑኝና፣ እንደ ሰፈራችን ወግ አጥቂያችንን ነገሪን አዋስኳቸው። እኛው ላይ ሁለት አገባ።

ከጨዋታው በኋላ ግን አልታየም። ሰሞኑን የውትድርና ምልመላ ነው። ሊቀመንበሩ አስጠርተውኝ፣ «ጓድ አሠልጣኝ፣ አዋስከው ወይስ አሸሸኸው?» አሉኝ እየሳቁ። ከዚያ ወዲህ አንድ የማላውቀው ሰው ልምምድ ላይ ይመጣል፤ ኳሷን ግን አያይም።

ይህን በሾፌር እጅ ልኬዋለሁ። መልሱን ግን በፖስታ ይላኩልኝ፤ እንግዳ እንዳልመጣብዎትም ይጻፉበት። የሁሩታ ብርድ ለቆላ ሰው ይከብዳልና ሾፌሩ ብርድ ልብስ ያደርስልዎታል።

ጤናዎን ያብዛልኝ።

ወንድምዎ ሰብስቤ