በብርዝ የተሞላ ጽዋ፦ አቶ ዋኘው ወልደ ሩፋኤል (1955–2018 ዓ.ም.)

ከሁሉ በፊት ትልቁ ነገር ይነገር፤ እስከ መጨረሻው ለመጠበቅ አንጀት አያስችልም። አቶ ዋኘው ወልደ ሩፋኤል ስድስት ዓመት ከአሥር ወር ሙሉ አንዲት መለኪያ አረቄ ሳይቀምሱ ነው ያረፉት። አንዲትም። የማያውቅ ካለ ይወቅ፤ የሚያውቅም ይድገመው፣ ደስ ስለሚል።

አሁን ወደ ሥርዓቱ እንመለስ። አቶ ዋኘው ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ሩፋኤልና ከእናታቸው ከወ/ሮ አሰገደች በ1955 ዓ.ም. በደብረ ኤልያስ ወረዳ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተማሩ። ትምህርት ይወዱ ነበር፤ መኪና ግን ይብስባቸው ነበር። በጭነት መኪና ረዳትነት ጀምረው፣ በ1978 መንጃ ፈቃድ አወጡና ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ የሚመላለስ አውቶቡስ ያዙ። በ1981 ወ/ሮ እቴናትን በተክሊል አግብተው ሙሉብርሃንን፣ ጌቱንና እስከዳርን ወለዱ። እንዴት ያሉ ሹፌር ነበሩ እኮ፤ ተማሪ ከኋላ ተጨናንቆ ካዩ ጠርተው ጋቢና ያስቀምጡ ነበር።

በ2001 ግንቦት ላይ፣ ዓባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ የአውቶቡሱ ፍሬን እምቢ አለ። ዘጠኝ ሰው ሞተ። ከዘጠኙ አንዱ ፈንታ ነበር፤ የሉማሜዋ የወ/ሮ የብርጓል አንድያ ልጅ። «ና እኔ ዘንድ፣ ነፋስ ታገኛለህ» ብለው ጋቢና ያስቀመጡት ራሳቸው አቶ ዋኘው ናቸው። ፍርድ ቤት ነፃ አላቸው። እርሳቸው ግን ራሳቸውን ነፃ አላሉም፤ መሪም ዳግመኛ አልጨበጡ።

ከዚያ ዘጠኝ ዓመት አረቄ ቤት ዋሉ። ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ቁልቁለቱ ይመጣል፣ ሲጠጡ ይሄዳል፣ ስካሩ ሲበርድላቸው ተመልሶ ይመጣል። ይህን የነገሩን በኋላ ነው፤ ያኔ ቤቱ «ሰክሮ ነው» ብቻ ነበር የሚለው። በሉማሜ ማለፍ ስላልቻሉ ደጀን ላይ የአጎታቸው ልጅ ሲሞት እንኳ ልቅሶ አልደረሱም።

በ2010 ጥር ወ/ሮ እቴናት ሦስት ሽማግሌ ለምነው ባላቸውን ሉማሜ ይዘው ሄዱ። አቶ ዋኘው እንደ አገሩ ወግ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ከወ/ሮ የብርጓል ደጅ ተንበረከኩ። እኚያ እናት ወጥተው ከፊታቸው ቆሙ። ከዚያ፣ «ይህን ድንጋይ እኔ አልጫንሁብህም። ልጄን ጋቢና የጠራኸው ወደኸው ነው። አውርደውና እህል ቅመስ» አሉ። አቶ ዋኘው ግን መነሣት አቃታቸው። «ተነሣ እንጂ አንተ ሰው፤ ድንጋዩን እዚሁ ተወው፣ ለጉልቻ ይሆነኛል» ሲሉ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ እያለቀሱ ሳቁ።

መጠጥ ግን በይቅርታ ብቻ አይለቅም። አቶ ዋኘው ሐኪም ቤት አምስት ሳምንት ተኙ። ከወጡም በኋላ በየሐሙሱ ነርስ አሸናፊ ዘንድ እየሄዱ ያዩትን መናገር ተማሩ። «ዝም ብለው አይዋጡት፤ ሲዋጥ ነው አረቄ የሚጠራው» ይላቸው ነበር። እግዜር ይስጥልን አሸናፊ፤ እዚህ ካለህ እጅህን አውጣ።

ደህና ሆኑ ስንል የ2011 ኅዳር ሚካኤል መጣ። በሚካኤል ማኅበራቸው ጽዋው ጠላ ነው፤ ካህኑ ባርከው ይዞራል፣ ጽዋ ደግሞ አይመለስም። አቶ ዋኘው ማሳፈር ፈርተው ተጎነጩ። ሦስት ሳምንት ከአረቄ ቤት አልወጡም።

በታኅሣሥ 12 ወ/ሮ እቴናት ማኅበሩ መሐል ተነሥተው፣ «እናንተ ጽዋ የምትሉት ለእኔ ባል ገደል ነው» አሉ። ካህኑ አሰብ አድርገው፣ «ጽዋው የሚካኤል ነው እንጂ የጠላው አይደለም። ብርዝ ይቀዳለት» አሉ። ብርዝ እንግዲህ ያልፈላ የማር ውሃ ነው፤ አያሰክርም። ቀልደኛው አቶ መሳፍንት፣ «ብርዝማ የሕፃን ነው፤ ክርስትና እናንሳህ እንጂ» ቢሏቸው፣ አቶ ዋኘው «እውነትህን ነው፣ ገና ዛሬ መወለዴ ነው» አሉ። ከዚያች ቀን ወዲህ ነው እንግዲህ ስድስት ዓመት ከአሥር ወሩ። አቶ መሳፍንትም ተራቸው ሲደርስ ለማኅበርተኛው ሁሉ ብርዝ አቀረቡና፣ «ለካ ይጣፍጣል» ብለው ሦስቴ አስቀዱ።

እነዚህ ዓመታት ለእኛ ስጦታ ናቸው። አቶ ዋኘው በሉማሜ እያለፉ ዘመድ ጠየቁ፣ በየፋሲካው ከወ/ሮ የብርጓል ዘንድ ፈሰኩ፣ መጠጥ መተው ያቃተው ሰው ሲመጣባቸው አብረው ዋሉ። ለልጅ ልጆቻቸውም እንደዚያ እንደ አረቄው ዘመን «ዝም በሉ» ሳይሆን «ንገሩኝ» የሚሉ አያት ሆኑ።

ድሮ የተጎዳው ጉበታቸው ግን ዘንድሮ ጸናባቸው። በሕክምናና በጸበል ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው አሉ፤ ትናንት ከሉማሜ ለቀብሩ ደርሰው «ሁለተኛ ልጄን ቀበርሁ» ያሉት ወ/ሮ የብርጓልም አሉ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ክፉ ሕልም በማይደርስበት ያሳርፍልን። ለደገፋችኋቸው ሁሉ ዕድሜ ይስጥልን።

አንድ ነገር ቀረ። የኅዳር 12 ማኅበር ተረኛ አቶ ዋኘው ነበሩ፤ ወንበራቸውን ልጃቸው እስከዳር ትወርሳለች። ግማሹ ዘመድ «የሟች ክብር ነው፣ ጠላ ይጠመቅ፤ በብርዝ ብቻ ሰው ምን ይላል» ይላል። ግማሹ «እንዴት ተደርጎ» ይላል። በእርሳቸው ምክንያት መጠጥ የተዉ ሦስት ሰዎችም እዚህ ቆመዋል፤ ስማቸው አይጠራም፣ ያን ቀን ግን ይመጣሉ። እስቲ በሉ፣ እናንተ በእስከዳር ቦታ ብትሆኑ ምን ትቀዱ ነበር?