የጭስ መለኪያው በእማዬ ማጀት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ኤርምያስ፤ የጅግጅጋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ቦንጋ ዝናቡ ገና አላባራም።

ሥራዬን ጠይቀኸኝ ነበር። አረቄ በሚያወጡ ሴቶች ማጀት እየዞርኩ ጭሱና የጉሮሮ ካንሰር ምን እንደሚያገናኛቸው አጠናለሁ። ለጥናቱ ከሄድኩበት ከዋጫ ስመለስ የጭስ መለኪያውን በእማዬም ማጀት ልሰቅል ስል ሳቀችብኝ።

«ያስተማራችሁን ጭስ ልትከሺው ነው?» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ አንተም እኔም የተማርነው በዚያ አረቄ ነው። እኔም እየሳቅኩ ሰቀልኩት።

አሁን ግን የሚለካው ጭስ የለም። እማዬ «ደከመኝ» ብላ አረቄ ማውጣቱን ትታዋለች። ቆጮም ተወች። የምትቀምሰው አጥሚት ብቻ ነው፤ እሱንም በየጉንጩ ቆም እያለች። «ጥርሴን አሞኝ ነው» ትላለች። አፏን ከፍታ አሳየችኝ፤ ጥርሷ ደህና ነው። ሌሎቹን ሴቶች የምጠይቃቸውን እሷን መጠየቅ አቃተኝ። ትናንት ግን ምንም ሳልናገር «ኤርምያስን እንዳታስጨንቂው» አለችኝ።

አዲስ አበባ ለሦስተኛ ዲግሪ ተቀብለውኛል። ይህ ጥናት የሚቀጥለው በዚያ ነው። ለከርሞ ይቆይልኝ አልኳቸው። ሥራ ስለበዛብኝ ነው።

ለትንሣኤ እመጣለሁ ብለህ ነበር። ለገና ብታደርገውስ? በዓል ባትጠብቅም ቤትህ ነው። ምንም ይዘህ አትምጣ። ስትገባ ግን፣ አደራህን፣ «እማዬ፣ ምን አከሳሽ?» እንዳትላት። እንደ ድሮው ሳማትና ቁጭ በል።

እሷም ዓይንህን ስማሃለች። ሰላምህ ይብዛልኝ።

እህትህ ኑኃሚን