አንድ መግቢያ፣ ሁለት ወቅት

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ሰላምታዬ ካለህበት ሜዳ በደህና ይድረስህ። ጉልበትህ እንዴት ሆነ? ስኳርህንስ ትለካለህ ወይስ እንደ ልማድህ ሲያዞርህ ብቻ ነው ትዝ የሚልህ? እናንተ መንገድ የምትሠሩበት አገር ዛፍ የሚባል ነገር እንደሌለው ሾፌሮቹ ነግረውኛል፤ እባክህ ኮፍያህን አትርሳ። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴም ልጆቹም ሰላም ይሉሃል። ሙቀቱን ግን አልቻልነውም። ከረፋድ በኋላ አስፋልት ላይ ወንበር ካስቀመጥክ እግሩ ሰምጦ ይቀራል፤ ስለዚህ ሥራ የምንጀምረው ገና ጎህ ሲቀድ ነው።

ስልክ ስደውል ጠርቶ ጠርቶ ስለሚዘጋ ነው ወደ ወረቀት የዞርኩት። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ቀስ በቀስ የምንለው የገልባጭ ሾፌር ነው። በቅጽል ስሙ አትፍረድበት፤ ይዘገያል እንጂ ሳይደርስ ቀርቶ አያውቅም።

ሥራው እንደምታውቀው ነው። ዘንድሮ ዝናቡ ስለዘገየ ጥቁሩ አፈር፣ መረሬው፣ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል፤ የሰው ሁሉ መግቢያ እየተሰነጠቀ ነው። ጥገናው ብዙ፣ ምስጋናው ጥቂት። ባለፈው አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለቤት ጠራችኝ። አስፋልቱ ነጣብኝ፣ አዲስ እንዲመስል ብዬ የተቃጠለ ዘይት ቀባሁት አለችኝ። ለአንድ ሳምንት እንደ ሙሽራ ጫማ አብርቶላት፣ በሁለተኛው ሳምንት የመኪናዋ ጎማ ልጦ ይዞት ሄዷል። ዘይትና ሬንጅ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ ሲገናኙ ይበላላሉ አልኳት። ሳቀች። ካልኩት በኋላ ግን እኔን ደስ አላለኝም።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። የምታውቀውን ልደግምልህ ነው፤ አንተ በበኩልህ፣ እኔም በበኩሌ ስናወራው ሁለት የተለያየ ታሪክ ሆኗልና አንድ ጊዜ በትክክል ይጻፍ።

አባታችን መረሬ ላይ መቼ ነው አስፋልት የሚነጠፈው ሲባል፣ አፈሩ ሳይራብም ሳይጠግብም ነው ይል ነበር። እሱ ሲያርፍ ግቢው ለሁለት ተከፈለ፤ የድንበሩ መስመርም የመኪና መግቢያው መሃል ለመሃል ሄደ። አሮጌው አስፋልት አልቆ ስለነበር መግቢያው እንደ አዲስ መነጠፍ ነበረበት። እኔ ውሃ ሳይገባብን በደረቁ እንጨርሰው አልኩ። አንተ ዝናቡ ይለፍ፣ አፈሩ አብጦ ይውጣለት አልክ። እስከዚህ ድረስ የሙያ ክርክር ነበር። ከዚያ አንተ መጠቅጠቂያውን መኪና፣ ዳምጠውን፣ መንዳት ያስተማርኩህ እኔ ነኝ አልክ፤ እኔ ደግሞ ቀድሞ መወለድ ሙያ አይደለም አልኩ። የቀረውን ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል።

እኔ የእኔን ግማሽ በበጋ አነጠፍኩ። አንተ የአንተን ክረምቱ እንደወጣ አነጠፍክ። ከአባታችን ቃል እኩል ተካፈልን ማለት ነው። የተራበው አፈር ዝናብ ሲያገኝ አብጦ የእኔን ወደ ላይ ገፋው፤ የጠገበው ሲደርቅ ሟሽሾ የአንተን ይዞት ወረደ። መሃል ላይ ሁለቱ ግማሾች የሚገናኙበት ስፌት ተከፍቶ ደረጃ ሆነ። አስፋልት እናሠራለን ብለው የሚመጡ ደንበኞች በሩ ላይ ቆመው ያንን ያዩና፣ ሌላ ቀን እንመለሳለን ይሉኛል። ጠርዙን ከእኔ በኩል ልቀርፈው እችል ነበር። ድንበሬን ነካህ እንዳትለኝ ብዬ ተውኩት። አንተም ያኔ ይህንኑ እያሰብክ ሳይሆን አይቀርም የሄድከው።

ቤትህን ዘግተህ ከሄድክ ወዲህ ቁልፍህ ከእማዬ አንገት ወርዶ አያውቅም። በየጠዋቱ መጥረጊያዋን ይዛ፣ ስፌቱን ተሻግራ፣ መስኮቶችህን ትከፍታለች። ሲመሽ ሄዳ ትዘጋለች። ሰው የማይኖርበት ቤት ምን ይጠረጋል ስላት፣ አቧራ እኮ የሚወደው ሰው የሌለበትን ነው ትለኛለች። ከእኔ ጋር ትኖራለች፣ ቤቷ ግን የት እንደሆነ ተናግራ አታውቅም። ጎረቤት ሲጠይቃት ግቢው ውስጥ ነኝ ትላለች።

ባለፈው ወር ወደቀች። የዳሌዋ አጥንት ተሰብሯል። ከሥራ ስመለስ አልጋ ላይ አግኝቻት ምን ሆንሽ ስላት፣ ወጥ ቤት ውሃ ፈስሶ አዳለጠኝ አለች። ወጥ ቤቱን የሠራው አባታችን ነው፤ የሞተ ሰው አይወቀስም፤ አስባበታለች። ሐኪም ቤት አድርሻት ስመለስ ግን አንደኛውን ነጠላ ጫማዋን ስፌቱ ላይ አገኘሁት። ከበራችን ፊት ለፊት ያለውን ልብስ ሰፊ ጠየቅሁት። እንዳልናገር አስምላኝ ነበር ብሎ ትንሽ ካቅማማ በኋላ ነገረኝ፤ ከመግቢያው ላይ አንስቶ ያስገባት እሱ ነው። መስኮትህን ዘግታ ስትመለስ ነበር። ከአንተ ወደ እኔ ስትመጣ የሚይዘው የእኔ ጠርዝ ነው። ከእኔ ወደ አንተ ስትሄድ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የአንተ ጉድጓድ ነበር። ይህን የምጽፈው ጥፋት ለመከፋፈል አይደለም። የሥራ ብልሽት እንደሚመረምር ባለሙያ ነው ያየሁት።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ግን ቀስ ብላ ነው የምታስረዳው። ልቧ ማደንዘዣ አይችልም፣ ስለዚህ አጥንቱን አንነካውም አለችኝ። እስከ መቼ ትተኛለች ብዬ ጠየቅሁ። ሰኞ ወደ ቤት ውሰዷትና የምትወደውን አብሏት አለችኝ። ሌላ መድኃኒት የለም ወይ ስላት ደግማ ይህንኑ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅሁም። ፈርቻለሁ፣ ወንድም ጋሼ።

እማዬ ወደ ቤት እንደምትሄድ ስትሰማ ደስ አላት። የት እንደምትተኛ ግን ቀድማ ወስና ጠበቀችኝ። ትልቁ ልጄ ቤት አስተኙኝ፣ የጠዋት ፀሐይ ይገባል፣ ደግሞም ተጠርጓል አለች። ባለቤቴ ትንሽ ቅር አላት፤ እኔን አላለኝም ማለት አልችልም። ቢሆንም የታመመ ሰው የጠየቀው ይደረጋል። ቤቱ ያንተ ነውና ፈቃድህን እጠይቃለሁ፤ እምቢ እንደማትልም አውቃለሁ።

ችግሩ መግቢያው ነው። አምቡላንሱ ጣሪያው ከፍ ስለሚል ከበሩ አልፎ አይገባም፤ ከዚያ በኋላ በተሽከርካሪ አልጋ እየተገፋች ነው የምትሄደው። ከበሩ የሚያስገባው የእኔ ግማሽ ነው፣ የቤትህ ደጅ ያለው አንተ ዘንድ ነው፤ ስፌቱን ሳይሻገሩ አይደረስም። እዚያ ሐኪም ቤት አንሶላ ሲቀየርላት እንኳ የምታሰማውን ድምፅ ሰምቻለሁ። አልጋው ያንን ደረጃ ሲወርድ የምታሰማውን መስማት አልፈልግም። ሳንቃ አድርግበት ብለውኛል። አስፋልት ሠሪ ሆኜ እናቴን በሳንቃ አላስገባም።

የእኔን ግማሽ አፍርሼዋለሁ። ጥቁሩን አፈር እስከ ጉልበት ድረስ አውጥቼ ገረጋንቲ ሞልቼ ጠቅጥቄዋለሁ። ከስሩ ያለው መረሬ እንዳይራብም እንዳይጠግብም በየማታው ዳር ዳሩን በቀጭኑ ውሃ እለቅበታለሁ። ሰፈሩ ሰው አትክልት ያጠጣል፣ ይኼ አስፋልት ያጠጣል እያለ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ያንተን ግማሽ ግን አልነካሁትም። አንዲት ጠጠር አላነሳሁም። ብቻዬን የእኔን ባነጥፈው ያው ተመልሶ ስፌት ነው፤ ትኩስ አስፋልት ከቀዘቀዘ ጋር እንደማይያያዝ ለአንተ አልነግርህም። መግቢያው ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቀን፣ በአንድ ትኩሳት መነጠፍ አለበት።

የአስፋልት ማምረቻው ቅዳሜ ጠዋት ትኩስ አስፋልት እሰጥሃለሁ ብሎኛል። ዓርብ ያንተን ግማሽ አፍርሰን ገረጋንቲውን ብንጠቀጥቅ ይደርሳል። ሠራተኞች አሉኝ፣ ጎበዞችም ናቸው። እኔ ማንጠፉን እይዛለሁ። ዳምጠው ላይ የሚቀመጥ ሰው ግን የለኝም። ማለቴ የሚነዳማ አለ፤ ግን አንተ ዳምጠህ በጨረስክበት ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ቢሄድ አይፈስም፣ የእነሱ ላይ ይፈስሳል። ይህን በሕይወቴ ለአንድም ሰው ተናግሬ አላውቅም፣ ለአንተም ቢሆን በአፌ የምናገረው አይመስለኝም። አለቃህ እምቢ ካለህ ለቀስ በቀስ የፈቃድ ቃል ብቻ ስጠው፣ እኔ እንደምንም አደርገዋለሁ። ብትመጣ ግን ይሻላል።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ከትናንት ወዲያ እማዬን ልጠይቃት ስገባ እጄን ይዛ አየችው፤ ጥፍሬ ውስጥ ያለውን ሬንጅ አየች። መግቢያውን እየሠራህ ነው ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ብቻህን ነው አለችኝ። አይደለም አልኳት። ወንድም ጋሼ ከመጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ አብረን ነው የምናፈርሰው፣ ዳምጠው ላይ እሱ ነው የሚቀመጠው አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ተጣልታችኋል ወይ አለች። ገና አልተጣላንም አልኳት፤ ይህን አመነች። ታዲያ ለምን ገብቶ አያየኝም አለችኝ። ልብሱ በሙሉ ሬንጅ ነው፣ ነርሶቹ እዚህ አንሶላ አጠገብ አያስቀርቡትም፣ ታጥቦ ይመጣል አልኳት።

ይህን ስትሰማ ሳቀች። ሲያማት እንኳ ሳቀች። ሂድና ንገረው አለችኝ፤ የአባቱን፣ የእሱን፣ ያንተን ሬንጅ ሳጥብ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት፣ ልብሱን ብሎ ከእኔ የሚቀር ከሆነ አላሳደግሁትም በለው፣ እንዳለ ይምጣ በለው።

መልእክቷን አድርሻለሁ።

ፈጣሪ ጉልበትህን ያበርታልህ፤ መንገድህን ያቅናልህ፤ በሰላም ገብተህ በሰላም የምትተኛ ያድርግህ።

ታናሽ ወንድምህ