የዘንድሮዋ መምህርት

ፍራንክፈርት፣ ኖርድቬስትሽታት
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ውድ አባባ፣

ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፉልኝን ወረቀት አይቻለሁ። «የልብስ ማጠቢያው ተራችን ሐሙስ ነው» ይላል። ልብሱን አጥቤ ጨርሻለሁ፤ ሸሚዞችዎም ተተኩሰው ቁም ሣጥንዎ ውስጥ ናቸው። ከዚህኛው በፊት የነበረው ወረቀት «ዳቦ አልቋል» ይል ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ «መስኮቱ ይዘጋ»። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ከእርስዎ ያገኘሁት ቃል ይኸው ነው። ክፍልዎ ውስጥ ሆነው ቴሌቪዥን ሲከፍቱ ይሰማኛል፣ እኔም ሳስል ይሰማዎታል። እንግዲህ በዚህ ቤት መነጋገሪያው ወረቀት ከሆነ፣ እኔም ወረቀት አላጣሁም።

አስቀድሜ ልንገርዎት፤ ይህ የይቅርታ ደብዳቤ አይደለም። ይቅርታ የሚጠብቁ ከሆነ እዚሁ ላይ አጥፈውት ወደ ዜናዎ ይመለሱ። ነገ ጠዋት ወደ ስፔን እሄዳለሁ። እዚህ ሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት የሰጠኝን ቋሚ ሥራ ዛሬ ጠዋት አልፈልግም ብዬ መልሻለሁ። እስከ ነገ ፈርሚ ብለውኝ ነበር፤ አልፈረምኩም።

ለሰው ሁሉ «ልጄ ሪድበርግ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትሠራው» ማለት ከጀመሩ ዓመት ሊሞላዎት ነው። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከምናገኛቸው ከወይዘሮ ፍረወይኒ ነው። ባለፈው ኅዳር ደውለው፣ ልጃቸው ሪድበርግ ሊመዘገብ ስለሆነ ቢሮዬ የት እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔ በዚያች ሰዓት የዳቦ መኪና እየጠበቅኩ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ፤ በፊቴ ፍየሎች ያልፋሉ። የፍየሎቹን ቃጭል ሰምተው ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ የዩኒቨርሲቲው ደወል ነው አልኳቸው። ስለዚህ ውሸቱን የጀመሩት እርስዎ ቢሆኑም፣ እኔም ደወል አሥሬለታለሁ። ያን ቀን ዳቦዬን ይዤ ስመለስ በራሴ እጅግ አፈርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ለወይዘሮ ፍረወይኒ ስልክ ማንሣት ተውኩ።

እርስዎ ስለዚያች መንደር አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ሳልጠየቅ ልናገር። ስሟ ቫልደሰርና ነው። ከማድሪድ በአውቶቡስ አራት ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ ስወርድ ሹፌሩ ራሱ እዚህ ምን ልትሠሪ ነው ብሎኛል። ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ ተማሪዎቹ አሥራ አንድ፤ ትንሹ አራት ዓመቱ፣ ትልቋ አሥራ አንድ። ከቀኑ ስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የመንደሩ በር ሁሉ ይዘጋል። የመጀመሪያውን ሳምንት በፍራንክፈርት ሰዓት እየተራብኩ፣ ሱቁን ዝግ ሳገኘው እየተበሳጨሁ፣ ቱና ከቆርቆሮ እየበላሁ አሳለፍኩ። በስፓኒሽ አነጋገሬ ልጆቹ ይስቁብኛል፤ ሲስቁ ግን ያርሙኛል፣ ስለዚህ አተረፍኩ እንጂ አልከሰርኩም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ቪሴንታ የሚባሉ አሮጊት በሬን ሳያንኳኩ ገቡ። በልቤ እትዬ ቪሴንታ እላቸዋለሁ። እጃቸው ላይ ስድስት እንቁላል አለ። የልጅ ልጃቸው ማርቲና ስምንት ዓመቷ ነው፤ ንባብ ለምን እንደከበዳት ሊጠይቁኝ ነው የመጡት። እኔ ምን ብላቸው ጥሩ ነው? ቴርሚን ይያዙ፣ በቀጠሮ ይምጡ አልኳቸው። በማግስቱም ወላጆችን የማነጋግረው ማክሰኞ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው የሚል ወረቀት በሬ ላይ ለጠፍኩ። አባባ፣ በሰባት ዓመቴ ከአዲስ አበባ እዚህ የመጣን ሰሞን «ሰው ለሰው እንዴት ቴርሚን ይሰጣል?» እያሉ ሲገረሙ የነበሩት እርስዎ ነዎት። እኔ ግን ሃያ ሰባት ዓመት ጀርመን ኖሬ ቴርሚን ሰጪ ሆኜ አረፍኩት።

አምስት ማክሰኞ ብቻዬን ተቀመጥኩ። አንድም ሰው አልመጣም። በዚያ መንደር ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰው ሁሉ ወንበሩን ከቤቱ አውጥቶ መንገድ ዳር ይቀመጣል። የታመመ የሚጠየቀው፣ ልጅ የሚመከረው፣ የትምህርት ቤቱ ጉዳይ የሚወሰነው እዚያ ነው። እኔ ሳልፍ ወሬው ይቆማል፤ ካለፍኩ በኋላ ይቀጥላል። ሌላ ሰው ቢሆን ሻንጣውን ያዘጋጅ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ከአልጋው ሥር አውጥቼው ነበር።

በስድስተኛው ማክሰኞ ወረቀቱን ቀድጄ፣ የወጥ ቤቴን ወንበር ተሸክሜ ወጣሁ። ነይ ተቀመጪ ያለኝ የለም። በሁለት ሴቶች መካከል አስቀምጬው ቁጭ አልኩ። ለብዙ ጊዜ ስለ ዝናብ እያወሩ እንደሌለሁ ቆጠሩኝ። በመጨረሻ እትዬ ቪሴንታ ወደ ጎረቤታቸው ዞር ብለው «የዘንድሮዋ ለካ ወንበር አላት» አሉ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴ እንቁላል ጠፍቶ አያውቅም። ሁዳዴ ሲገባ እንቁላል እንደማልበላ ብነግራቸው እሳቸውም በልጅነታቸው ይጾሙ እንደነበር አጫወቱኝ፤ ከዚያ ሽምብራ በስፒናች እየሠሩ ይልኩልኝ ጀመር። በጾም ወፈርኩ ብልዎት ያምኑኛል?

ማርቲናን ንባብ ያስተማርኳት በእርስዎ ዘዴ ነው። አማርኛው እንዳይጠፋኝ እሑድ እሑድ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ሲያስነብቡኝ፣ ከታች ያለውን መስመር በቁራጭ ወረቀት ሸፍነው አንድ ቃል ብቻ ይገልጡልኝ ነበር። ብሳሳትም አረፍተ ነገሩን እስክጨርስ አያርሙኝም። ዘዴውን ከየት እንዳገኙት ጠይቄዎት አላውቅም። የፋብሪካ ሠራተኛ ነዎት፤ ለእኔ ዕድሜ ልክዎን የዚንድሊንገኑ ፋብሪካ ሰው ነበሩ። ማርቲና በግንቦት አንድ ሙሉ ገጽ አነበበች፤ እትዬ ቪሴንታ ከመንገዱ ዳር ሆነው አለቀሱ።

የሚቆረቁረኝ «የዘንድሮዋ» መባሌ ነበር። ስሜን ነግሬያቸዋለሁ፣ ሰሌዳው ላይም ጽፌዋለሁ፤ ትልቁም ትንሹም የዘንድሮዋ ይለኛል። በሰኔ ጨክኜ ጠየቅኩ። ለካ በሰባት ዓመት ውስጥ ሰባት መምህራን መጥተው ሄደዋል። እትዬ ቪሴንታ «ስማችሁን አንይዝም» አሉኝ። «ስም ከያዝን ስትሄዱ ይከብደናል። ማርቲና የካቻምናዋን ስም ይዛ ወር ሙሉ አልቅሳለች።» በትምህርቱ መዝጊያ ቀን ማርቲና ቦርሳዋን እንዳዘለች መጥታ «የከርሞዋ ማን ትባላለች?» አለችኝ። እኔው ነኝ አልኳት። አላመነችኝም፤ ትከሻዋን ሰብቃ ወጣች።

ይህን በልቤ ይዤ ነው በሐምሌ የመጣሁት። እርስዎ ደግሞ ኮንትራቱን ጠረጴዛው ላይ፣ ብዕሩን በላዩ አድርገው ጠበቁኝ። ቤአምቲን ትሆኛለሽ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንሽ እስከ ጡረታ የሚነካሽ የለም አሉኝ። የተናገሩት ሁሉ ልክ ነበር፣ አልተከራከርኩም። ስለ ቫልደሰርና ሳነሣ ግን ፊትዎ ተለወጠና «ገጠር መምህሩን አያስታውስም። በዞርሽ ማግስት ይረሱሻል» አሉኝ። ድምፅዎ ያን ያህል ሲመር ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ እኔን የናቁ መሰለኝ።

ከዚያ የጋሽ ተኽለ ቤት ለቅሶ መጣ። እኅታቸው አስመራ አርፈው ሳሎኑ ሰው ሞልቶ ነበር። ወይዘሮ ፍረወይኒ በሰው ሁሉ ፊት፣ ልጄ ሪድበርግ ፈልጎ ፈልጎ አጣሽ አሉኝ። እርስዎ የሻይ ብርጭቆዎን ያያሉ። እኔም ሪድበርግ ሠርቼ እንደማላውቅ፣ ስፔን ገጠር እንደማስተምር፣ አሥራ አንድ ተማሪ እንዳለኝ ተናገርኩ። ድምፄ ከለቅሶ ቤት ደንብ ትንሽ ከፍ እንዳለ አልክድም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የድሮ ጓደኛዎ ጋሽ ተስፎም ግን ከሻይ በቀር የቀመሱት ሳይኖር «ምን ያስደንቃል፣ እንደ አባትሽ የገጠር መምህር ሆንሽ ማለት ነው» አሉ። እርስዎ ባርኔጣዎን እንኳ ሳይዙ ተነሥተው ወጡ። ባርኔጣውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ መዝጊያው ላይ ተሰቅሏል።

በማግስቱ ጋሽ ተስፎምን የገበያ ማዕከሉ ውስጥ ሁለታችሁ የምትቀመጡበት አግዳሚ ላይ ብቻቸውን አገኘኋቸው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ብለው መላጣቸውን ዳበሱ። ብዙ ለመንኳቸው፣ ነገሩኝ። እርስዎ ከአስመራ መምህራን ማሠልጠኛ እንደወጡ ጎጃም፣ ከመኪና መንገድ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ በሚርቅ መንደር ተመደቡ። ሁለት ዓመት አስተማሩ። በሦስተኛው ለፋሲካ ዕረፍት እንደወጡ አልተመለሱም፤ የስድስተኛ ክፍል ልጆች ለፈተናቸው ሁለት ወር ቀርቷቸው ነበር። ጋሽ ተስፎም ያኔ ጎረቤት ወረዳ ያስተምሩ ነበር። በዓመቱ በገበያ ቀን በዚያ ሲያልፉ የመንደሩ ሰዎች ከበው «መምህር ጸሃየ መቼ ይመጣሉ?» አሏቸው። ቤትዎን ክረምት ሳይገባ ክዳኑን አድሰው፣ ጠርገው አቆይተውልዎት ነበር። ይህን ከነገሩዎት ወዲህ ስለ ማስተማር አንድ ቃል እንዳልተነፈሱ ነገሩኝ። የመንደሩን ስም ጠየቅኳቸው፤ ረስተውታል።

ለምን እንዳልተመለሱ አላውቅም። ጊዜው ለአስመራ ልጅ ክፉ እንደነበር ጋሽ ተስፎም ነግረውኛል፤ በዚያ ጊዜ ስላልነበርኩ አልፈርድብዎትም። ግን ገጠር መምህሩን አያስታውስም ያሉኝ ውሸት ነው፣ አባባ። አስታውሰውዎት ነበር። ክዳን ያደሱልዎት አስታውሰውዎት ነው። እርስዎም እንዳልረሷቸው ያቺ ቁራጭ ወረቀት ምስክር ናት፤ እዚያ ጀምረው እዚህ እኔ ላይ ጨረሷት፣ እኔም ወስጄ ለማርቲና ሰጠኋት። በእኔ ያፈሩ መስሎኝ ብዙ ተናድጄ ነበር። አሁን በማን እንዳፈሩ ገብቶኛል፤ አዝንልዎታለሁም። ቢሆንም የእርስዎን ዕፍረት ተሸክሜ አልዞርም። ገጠር ማስተማር ከሰው የሚደበቅ ሥራ አይደለም፤ የእኔም፣ የእርስዎም።

የሚከብደኝ ሌላ ነው። እማማ ካረፈች ወዲህ ይህ ቤት ለአንድ ሰው ይሰፋል። የአንድ ሰው ዳቦ ሲገዙ፣ የአንድ ሰው ሸሚዝ ሲያጥቡ ይታየኛል፤ እያየሁ ነው የምሄደው። ብቻዬን ልትተዪኝ ነው ብለው ቢናገሩኝ ኖሮ ምናልባት እፈርም ነበር። እርስዎ ግን ያንን መናገር አልወደዱም፤ ሪድበርግን አመጡብኝ። አሁን ቀን አልፎበታል። በጥቅምት ልጆቹ ትምህርት ሲለምዱ ይምጡና ይዩን። ከበሬ አጠገብ ለእርስዎ ሁለተኛ ወንበር አስቀምጣለሁ። ቋንቋ አልችልም አይበሉኝ፤ ጎጃም ሲሄዱም በትግርኛ «ቀ»ዎ ሳይስቁ አይቀሩም፣ ግን አስተምረዋቸዋል።

ከልብስ ማጠቢያው ማስታወሻ ሥር አንድ ወረቀት ለጥፌያለሁ። በትልልቅ ፊደል «ርግኣት የምታስተምርበት፦ ቫልደሰርና» ይላል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ልጅህ የት ናት ሲሉዎት ይህን ይንገሯቸው። ከእሱ በታች «አባባ ያስተማሩበት፦» ብዬ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ። ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ነው የምወጣው፤ ሳልወጣ ማቀዝቀዣውን አያለሁ። ብዕሩን ከኮንትራቱ ላይ አንሥቼ እዚያው አጠገቡ አስቀምጬልዎታለሁ።

የዘንድሮም የከርሞም መምህርት፣
ልጅዎ ርግኣት