ፍልውሃውን ስላቀዘቀዙልን እናመሰግናለን

ለተከበሩ የታሪካዊው የፍልውሃ ከተማ የጉብኝትና የቅርስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ ወገብዎ እንዳይጎብጥ፣ በተለይ ደግሞ ጉልበትዎ እስከ ዕድሜዎ ፍጻሜ እንዳይከዳዎ ከልብ እመኛለሁ። ጉልበት የከዳው ሰው በእርስዎ ከተማ ምን እንደሚገጥመው በዓይኔ አይቻለሁና ምኞቴ የአፍ ብቻ አይደለም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ እናቴን ይዤ ከተማዎን በመጎብኘቴ ያደረብኝን ምስጋና ብቻዬን ውጬ ማስቀረት ነውር ስለመሰለኝ በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ። የእናቴ ጉልበቶች ስትነሳም ስትቀመጥም እንደ አሮጌ በር ሲጥ ይላሉ። ሐኪሙ የቀኙ በቀዶ ጥገና ካልሆነ በቀር መላ የለውም ብሎ ቀን ቆርጦላታል። እሷ ደግሞ ቢላዋ ሳይነካት በፊት፣ በወጣትነቷ ከአባቴ ጋር በየዓመቱ ትነከርበት የነበረውን ፍልውሃ አንዴ ካላገኘች የሆስፒታል ደጅ እንደማትረግጥ ምላ ተገዘተች። እናቴ ከማለች ማለች ነው። ስለዚህ የሰው ቀሚስ በጅምር ትቼ፣ ሱቄን ዘግቼ፣ በአውቶቡስ ይዣት መጣሁ።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ ደረጃው ነው። ጉልበት ይፈውሳል ተብሎ ስሙ በተጠራ ቤት የትኬት መሸጫውን ከረጅም ደረጃ አናት ላይ መስቀል እንዲያው ከማንም ጭንቅላት የሚፈልቅ ሐሳብ አይደለም። ከታች ያለው ደልዳላ መግቢያ ለክቡራን እንግዶች መኪና የተጠበቀ መሆኑን ዘበኛው በትሕትና አስረድቶናል። እናቴ ግድግዳ እየያዘች፣ በየመሃሉ እየቆመች ስትወጣ፣ ከላይ የተሰቀለው የእርስዎ ፎቶግራፍ «እንኳን ደህና መጡ» ከሚለው ጽሑፍ በላይ በፈገግታ ያበረታታት ነበር። ፎቶግራፉ ቤቱን ከመሠረቱት ሰዎች ምስል እጥፍ ይሆናል፤ ሲያንስዎት ነው። ያ ፍንጭት ጥርስዎ ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ ይታያል።

ሁለተኛው ስለ አግዳሚ ወንበሮቹ ነው። ደረጃው አልቆ እናቴ እፎይ ብላ ልትቀመጥ ስትል ወንበሩ በገመድ ታጥሮ፣ «ታሪካዊ ነው፣ መቀመጥ ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፎበት አገኘነው። አስጎብኚዋ በድምፅ ማጉያዋ እንዳብራራችልን፣ በዚህ ወንበር ላይ ከጥንት ጀምሮ ሕመምተኞች ሲያርፉበት ስለኖሩ፣ ይህ ታሪክ እንዳይጠፋ ሲባል ሕመምተኛ እንዳይቀመጥበት ተደርጓል። እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ እንዲያ ከሆነማ እኔም ቅርስ ነኝ፣ ደረጃ ውጪ እያለ የሚያንገላታኝ አይኑር አለችኝ። አቤቱታዋን ለሚመለከተው ክፍል እንዲያስተላልፉልን እለምናለሁ።

ሦስተኛው ዋናው ነውና ይታገሱኝ። የድሮው ገንዳ ዙሪያውን በመስታወት ታጥሯል፤ ማማሩንስ አምሯል፣ ልዋሽ አልችልም። ውሃው ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፣ ከሥሩ ያለው ድንጋይ አንድ በአንድ ይታያል፣ ከበስተኋላው ግድግዳ ላይ ደግሞ ሠዓሊ ነጭ እንፋሎት ሥሎበታል። እንፋሎት ለምን ይሣላል ብዬ ብጠይቅ፣ አስጎብኚዋ ሳይከብዳት መለሰችልኝ። እውነተኛው እንፋሎት መስታወቱን እየጋረደ ጎብኚው ምንም አላየሁም ብሎ ስላስቸገረ፣ በእርስዎ አርቆ አሳቢ መመሪያ ፍልውሃው በቱቦ ወደ ጓሮ እንዲፈስ ተደርጎ ገንዳው በቧንቧ ውሃ ተሞልቷል። ወይ ጉድ! ሰው ፍልውሃውን አጥርቶ እንዲያይ ፍልውሃውን ማባረር! በእኔ ሙያ ይህ፣ ቀሚሱ እንዳይጨማደድ ሙሽራዋን ከውስጡ እንደ ማስወጣት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለውን ሰምቼ አውቃለሁ፤ ብብት ባዶ ሲቀር ትኬት ሲቆረጥበት ግን ያየሁት ከእርስዎ ዘንድ ነው።

እናቴ ይህን ማብራሪያ አልሰማችም። ጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ልታወጣ የከፈተችውን የመስታወት በር አይታ፣ እኛ ስናወራ ሹልክ ብላ ገብታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ከገንዳው ጠርዝ ተቀምጣ እግሮቿን እስከ ጉልበቷ ነክራ ኖሯል። «ኡኡ!» የሚለው ጩኸቷ አዳራሹን ሲያናጋው ጎብኚዎቹ የትርኢቱ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ፤ አንዱማ እንድትደግመው ለመናት። ዘበኛው እየሮጠ መጥቶ ቅርስ አቆሸሽሽ ሲላት፣ እናቴ እየተንቀጠቀጠች፣ ልጄ፣ ያ ውሃ ሞተ እንዴ ብላ ጠየቀችው። ዘበኛው አቀርቅሮ ጫማዋን አቀበላት። ደብዳቤዬ ቀልድ ብቻ እንዳይመስልዎ ይህንንም ልንገርዎ፤ እኔ ያን ጊዜ አለቀስኩ።

አራተኛው ምስጋናዬ ለእርስዎ አይደለም፤ ለዚያች ጽዳት ሠራተኛ ነው። መልኳን ጠይቀውኝ እንዳይደክሙ፣ መርፌ ሳይ የኖርኩ ሴት ነኝና ዓይኔ ደክሟል፣ ምኗንም አላስታውስ። እሷ ናት ባልዲዋን እንደያዘች ዝቅ ባለ ድምፅ ከጓሮ፣ ከግንቡ ሥር ሂዱ ያለችን። ሄድን። እርስዎ ያባረሩት ፍልውሃ ከቱቦው ወጥቶ በድንጋይ ቦይ ውስጥ እየተንፎለፎለ ይወርዳል፤ በዳርና ዳሩ የከተማዎ እናቶች ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ እግራቸውን ዘፍዝፈው፣ እየተሳሳቁ ተደርድረዋል። ሰማያዊ ሻሽ ያሰሩ አንዲት አዛውንት እናቴን ሲያዩ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላትና ነይ እህቴ፣ ከኔ ዘንድ ይሻላል፣ እዚህ ጋ ይሞቃል አሏት። እናቴ እግሯን ስትነክር ዓይኗን ጨፍና፣ እሷው ናት፣ አልሞተችም አለች። ከዚያ ስለ አባቴ አወራች፤ ከሞተ ወዲህ ስለ እሱ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

ተአምር ተደረገ ብዬ አላወራም። ጉልበቷ ያው ጉልበቷ ነው፣ ወደ አውቶቡስ ስንመለስም ሲጥ ይል ነበር። ነገር ግን አሁን ለቢላዋውም ለሐኪሙም እሺ ብላለች፣ ለእኔም ይህ ይበቃኛል።

እንግዲህ ገንዳውን ይመልሱልን ብዬ አልለምንዎትም፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። እባክዎ ያንን ቦይ አይጎብኙት፣ አያስውቡት፣ በመስታወት አያጥሩት፣ ታሪካዊ ነው የሚል ታፔላም አይትከሉበት። እርስዎ ያልደረሱበት ብቸኛ ቦታ ስለሆነ ነው እስካሁን የሚሞቀው።

ለከተማዋ ጎብኚ፣ ለእርስዎም ማዕረግ እንዲጨመር እየተመኘሁ፣ ከደረጃው ሥር ሆኜ ወደ ላይ አንጋጥጬ እጅ የምነሳዎ፣

የጉልበት ሕመምተኛዋ እናት ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ

ሳልረሳው፦ ሰማያዊ ሻሽ ያሰሩት እናት የእናቴን ጉልበት እያሹ ስለ ልጃቸው አጫውተውናል። ትልቅ ቢሮ ነው ያለው፣ ሥራ ይበዛበታል፣ ቦይ ውስጥ መዘፍዘፌን ቢሰማ ያፍርብኛልና ገበያ ሄድኩ እያልኩት ነው የምመጣው አሉን። ስልካቸውን አውጥተው ፎቶውን ሲያሳዩን እኔና እናቴ ተያየን፤ ያንን ፍንጭት ጥርስ ከደረጃው አናት ላይ አይተነው ነበር። እንዳልናገር ለምነውኛል፣ እኔም ዝም ልል ነበር። ነገር ግን የቦዩ ድንጋይ ያዳልጣል፣ መደገፊያም የለውም። ሲወጡ ግራ እጃቸውን እኔ ያዝኩላቸው፤ የቀኙን የሚይዝላቸው ሰው አልነበረም።