የዘበኛው ፊት

ወንድምዓለም፣

የሁርሶው ጦር ማሠልጠኛ መኪና ከወሰደህ አራት ዓመት ሊሞላ ነው፤ መርዶህ ከመጣ ሁለት። እማማ ዓይኗ ደክሟል እንጂ ደህና ናት። የተደበቅክባት ጓዳ የከሰል ማስቀመጫ ሆናለች። ሙቀቱ ያው ነው፣ የደቻቱ ወንዝም እንደ ደረቀ ነው።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ዘበኛው ነው። የአማርኛ አስተማሪያችሁ አጭር የወንጀል ታሪክ ሰጥቷችሁ፣ የመጨረሻዋን ገጽ ደብቆ፣ የታሪኩን ድባብና የሰዎቹን ጠባይ ተንትናችሁ ሌባውን አውጡ ብሏችሁ ነበር። ከሱቅ ሬዲዮ ተሰርቋል። ባለሱቁ ይጮኻል፤ ዘበኛው አንገቱን ደፍቶ የሰው ዓይን አያይም። ክፍሉ በሙሉ ዘበኛው ነው አለ። አንተ ብቻ፣ ድባቡ የጨለመው ዘበኛው ስላዘነ ነው፣ ያፈረ ሰውና የበደለ ሰው ፊታቸው አንድ ነው ብለህ ጻፍክ። ከአሥር ሦስት አገኘህ። የመጨረሻዋ ገጽ ስትነበብም ሌባው ዘበኛው ሆነ። አንተ ግን መች ትረታለህ፤ ደራሲው የገዛ ሰውዬውን አላወቀውም እያልክ ሳምንቱን ሙሉ ነዝንዘህ አደረቅኸኝ። እኔም ሳቅኩብህ።

አፈሳው ሲመጣ ገጠር፣ ቢዮ አዋሌ፣ ዘመድ ጋ ሄዷል ብለን አስወርተን አሥራ አንድ ቀን ጓዳ ደበቅንህ። ከእኔና ከእማማ ሌላ የምታውቀው ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ብቻ ነበረች፤ ሳምቡሳ በሰሃን ሸፍና ትልክልህ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን በጠራራ ፀሐይ መጥተው በካናቴራ ወሰዱህ። ከዚያ ወዲህ አዴ ፋጡማ ደጃችንን መርገጥ ተወች። መንገድ ላይ ስታየኝ አንገቷን ትደፋለች። እኔም እንደ ክፍልህ ልጆች ተነተንኩና ጠቋሚዋ እሷ ናት አልኩ። ለቅሶህ ላይ የዘረጋችልኝን እጅ አልጨበጥኩም።

ባለፈው ሰሞን ታማ አስጠራችኝ። እንቢ ብልም እማማ ገፍታ ላከችኝ። አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ፣ ጠቁመሽ ነበር ወይ ብዬ በቀጥታ ጠየቅኳት።

«ወላሂ እኔ አይደለሁም፣ ሸሚዙ ነው። ገመዱ ላይ አየሁት፤ ላወርደው ስሮጥ አፋሾቹ ቀደሙኝ። ወንድ በሌለበት ቤት ይሄ የማን ነው ሲሉ ሰማሁ። አንቺን ሳይ ከአፌ እንዳያመልጠኝ ፈርቼ ራቅሁ።»

ሸሚዙን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ወንድምዓለም። በዚያ ሙቀት አንድ ሸሚዝ ለብሰህ መሰንበትህ አሳዘነኝ። እማማ ገበያ ስትወጣ አጥቤ፣ ቶሎ ይድረቅልህ ብዬ ግቢው መሃል አሰጣሁት። አራት ዓመት የረገምኩት ሰው እኔው ነኝ። አዴ ፋጡማ ደግሞ ይህን እንዳላውቅ ብላ የጠቋሚ ስም ተሸክማ ኖረች። ይቅር በለኝ።

አሁን ከሰዓት ከሰዓት እየሄድኩ እግሯን አሽላታለሁ። ስለ ሸሚዙ ዳግም አላነሳንም። ለእማማ አልነገርኳትም፤ ቀና ብላ ስታየኝ አንገቴን እደፋለሁ።

የፈተና ወረቀትህን ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጫታለሁ፣ ሸሚዝህንም። ስትናፍቀኝ አወጣውና አሸተዋለሁ። አንተን አንተን አይልም፤ አጥቤዋለሁ። መልስህን ግን እስክሞት አልረሳትም።

እህትህ